የአባቴ የቀለም እርሾ

የካታሊሲስ ማኅበር አባል ነኝ ስል ሰው ብዙውን ጊዜ ዕቁብ ወይም የጽዋ ማኅበር ይመስለዋል። አልፈርድበትም። ማኅበራችን በዓመት አንድ ጊዜ ጉባኤ ይጠራል፤ የመምህራንን ሥራ ግድግዳ ላይ ለጥፎ ያሳያል፤ ከሩቅ ወረዳ ለሚመጣ የአውቶቡስና የመኝታ ይችልለታል፤ ከመጡት መካከልም ጥቂቶቹን መርጦ ለክረምት እውነተኛ ላቦራቶሪ ያስገባል። ማመልከቻዎቹን ከሚያነቡት አንዷ እኔ ነኝ። ከቅጹ መጨረሻ ላይ አንዲት ጥያቄ አለች፦ «ናሙናውን ከማን ወሰዱ? ለባለቤቱስ ምን ተረፈለት?» ያስገባኋት እኔ ነኝ። ባልደረቦቼ «ይቺ የሳይንስ ጥያቄ ሳትሆን የዳኛ ጥያቄ ናት» እያሉ ያሾፉብኛል። እኔም አብሬያቸው እስቃለሁ። ለምን እንዳስገባኋት ግን ለአንዳቸውም ነግሬ አላውቅም።

አባቴ ቁም ጸሐፊ ነበሩ። ጋይንት ውስጥ፣ ከቤተ ልሔም ደብር ብዙም በማይርቅ መንደር፣ ብራና እየፋቁ፣ መቃ እየቀረጹ፣ ቀለም እየበጠበጡ መጽሐፍ ሲጽፉ ኖሩ። ጥላሸት፣ እስኪያር የተቆላ ገብስ፣ አንዳንድ ቅጠል፣ ውሃ። ይህን ማንም ጸሐፊ ያውቀዋል። ነገር ግን ሌላው በጥብጦ እያማሰለ መንፈቅ ሲጠብቅ የአባቴ ቀለም በአርባ ቀን ይደርስ ነበር። ምስጢሩ እርሾው ነው። ከበሩ ጥግ፣ ድንጋይ ላይ የምትቀመጥ አንዲት ጥቁር ማሰሮ ነበረች፤ አትታጠብም፣ ባዶዋንም አትቀርም። ቀለሙ ሲቀዳ ከሥር ሁለት ጣሳ ያህል ይተውላታል፤ አዲሱም በዚያ ላይ ይበጠበጣል። እርሾውን አባቴ ከመምህራቸው፣ መምህራቸውም ከመምህራቸው ተቀብለውታል። በእኔ ጊዜ የአካባቢው ጸሐፊዎች ሁሉ በጠርሙስ የሚሸጠውን የሱቅ ቀለም ለምደው ስለነበር፣ ያ እርሾ የሚገኘው በዚያች ማሰሮ ብቻ ነበር። እርጥብ አመድና የኮመጠጠ ገብስ ይሸታል። ለእኔ የቤታችን ሽታ እሱ ነው።

በዘጠናዎቹ ውስጥ፣ እኔ እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ ኬሚስትሪ ማስተማር ከጀመርኩ በኋላ፣ አባቴ ለደብራችን የሰሙነ ሕማማቱን መጽሐፍ ሊጽፉ ተስማሙ። አሮጌውን አይጥና ጢስ ጨርሶት ነበር። ሥራውን አጋምሰው ሳለ ዓይናቸው ይደክም ጀመር። ደብረ ታቦር ሐኪም ቤት ወሰድኳቸው። ሐኪሙ ዓይናቸውን አገላብጦ አየና «ሞራ ቢሆን እናነሣው ነበር፤ ይህ ግን ከጀርባው ነው» አለኝ። አባቴ ምንም አልደነገጡም።

«እስከ ክረምት ካደረሰኝ ይበቃኛል፤ መጽሐፉን ልጨርስበት እንጂ» አሉ።

ስለዚህ ቤታችን ውስጥ ያለው ነገር እሽቅድምድም ነበር፤ ወይ መጽሐፉ ይቀድማል፣ ወይ ዓይናቸው። ይህን ሁላችንም እናውቅ ነበር፤ እኔም አውቅ ነበር። ኋላ «አላወቅሁም ነበር» የምልበት አፍ ያጣሁት ለዚህ ነው።

እኔም የራሴ እሽቅድምድም ነበረኝ። ሁለት ጊዜ ለሁለተኛ ዲግሪ አመልክቼ ሁለቱንም ጊዜ ስሜ ከዝርዝሩ ቀርቷል። ላቦራቶሪያችን ግማሽ መደርደሪያ ብርጭቆ፣ አንድ የማድረቂያ ምድጃና ቁልፉ የጠፋ ቁም ሣጥን ነበር። በዚያ ዓመት ጥር ላይ የማኅበሩ ደብዳቤ መጥቶ በመምህራን ክፍል ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ። በአካባቢያችሁ ያለ የካታሊሲስ ሥራ አጥንታችሁ ኑ ይላል፤ ጉባኤው ግንቦት ላይ ባሕር ዳር ነው፤ የተመረጠ ክረምቱን ላቦራቶሪ ይሠለጥናል፤ በሥልጠናው የተመሰገነ ደግሞ ለዲግሪው ይታጫል። ሌሎቹ አንብበውት ሻያቸውን ይዘው ሄዱ። እኔ እዚያው ቆሜ ቀረሁ፤ ያቺ ጥቁር ማሰሮ ትዝ ብላኝ።

ለጥምቀት አገሬ ገባሁ። አባቴ ከደጅ፣ ፀሐዩ ላይ ተቀምጠው ብራናውን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው ይጽፉ ነበር። ነገሩን አስረዳኋቸው።

«አባባ፣ ካታሊስት የሚሉት ራሱ ሳያልቅ ሌላውን የሚያፋጥን ነገር ነው። የአንቱ እርሾ እንደዚያ ሳይሆን አይቀርም።»

«ምን ያደርገዋል አልሽ?»

«ያፋጥነዋል። ያስቸኩለዋል።»

«ለመቸኮልም ማኅበር አቋቋሙለት?» ብለው ሳቁ። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ሲባል አልሰሙም እንዴ እነዚህ ሰዎች?»

እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ማኅበሩ ምን እንደሚያደርግልኝ ጠየቁኝ። ትምህርት እንደማገኝበት ስነግራቸው መቃውን ከቀለም ቀንዱ አፍ ላይ አስደገፉት።

«እንግዲያ ውሰጂ። ግማሹን ትተሽ ግማሹን ውሰጂ። ቀንዴ ላይ እስከ ግንቦት የሚያደርሰኝ ቀለም አለ፤ ሆሳዕና ላይ ግን በእርሾው አዲስ መበጥበጥ አለብኝ። እሱ ከጠፋ ሌላው የሚደርሰው በመንፈቅ ነው። መንፈቅ ደግሞ እኔ የለኝም።»

እዚህ ላይ ብበቃ ኖሮ ምንም አልነበረም። ሳይቸግር ጤፍ ብድር እንዲሉ፣ እኔ ማሰሮዋንም ፈለግኋት። የሚያፋጥነው እርሾው ይሁን የሸክላው ግድግዳ ልፈትን አሰብኩ፤ ያነበብኩት መጽሐፍ ስለ ሸክላ ገጽ ብዙ ይላልና። አባቴ «ማሰሮዋንም?» አሉ። ከዚያ «እሺ፣ ለሆሳዕና አድርሻት» አሉኝ። ለእኔ እምቢ ብለው አያውቁም ነበር።

በማግስቱ አባቴ ቤተ ክርስቲያን፣ እናቴ ገበያ ሄደው ሳለ ግማሹን እርሾ በጠርሙስ ቀዳሁ። የቀረውን ማስቀመጫ ስፈልግ ከመደቡ ላይ አንዲት ትንሽ ባዶ ማሰሮ አገኘሁ። የእናቴ የቅቤ ማሰሮ ነበረች። ለቅለቅ አድርጌ እርሾውን ገለበጥኩባት፣ ከደንኩና እዚያው መለስኳት። ለአባቴ «ትንሿ ማሰሮ ውስጥ ነው» ብዬ ነገርኳቸው። ለእናቴ አልነገርኳትም። የአውቶቡስ ሰዓት ደርሶብኝ ነበር፤ ደግሞም የቤቱን ነገር ሁሉ ቤቱ የሚያውቀው ይመስለኝ ነበር።

መካነ ኢየሱስ ተመልሼ በሦስት ብርጭቆ አንድ ዓይነት ጥላሸትና ገብስ በጥብጬ ደረደርኩ። በአንዱ ጥሬውን እርሾ፣ በሁለተኛው የፈላውን ጨመርኩ፤ በሦስተኛው እርሾ የሚባል የለም፣ የማሰሮዋ ሸክላ ብቻ። ለዚህ ስል ማሰሮዋን ከሰል ላይ ጥጄ እስክትቀላ አጋልኳትና ከአፏ ጥቂት ሰብሬ ፈጨሁ። እጄ ለአፍታ አመንትቶ ነበር፤ «ቤት አለ» አልኩት። በዚያ ሰሞን ይህችን ቃል ስንት ጊዜ እንዳልኳት! የፈላው አልሠራም። ሸክላው አልሠራም። የጥሬው ብርጭቆ ግን ጠቆረ፣ ወዛ፣ እንደ አባቴ ቀለም ሸተተ። ክፍሌ ውስጥ ብቻዬን ዘለልኩ። የማኅበሩ ደብዳቤ ፈሳሽ ናሙና አንቀበልም፣ አድርቃችሁ አምጡ ይል ስለነበር ጠርሙስ ውስጥ የቀረኝንም፣ የብርጭቆውንም አንድ ላይ አድርጌ ማድረቂያው ውስጥ ከተትኩት። ትንሽ ፈሳሽ ማስቀረት አላሰብኩም። ቤት አለ። ዱቄቱን በብልቃጥ አድርጌ «ናሙና ሀ» ብዬ ጻፍኩበት።

ለሆሳዕና ማሰሮዋን በነጠላ ጠቅልዬ ገባሁ። የእናቴን ጉልበት ስሜ ሳልጨርስ አባቴ እጃቸውን ዘረጉ። ማሰሮዋን ተቀብለው ከዓይናቸው በፊት አፍንጫቸውን ሰደዱባት። ቆዩ። በጣታቸው ውስጧን ዳሰሱ።

«ልጄ፣ ይቺን አጥበሻታል?»

«በእሳት አጋልኳት፣ አባባ። ግድ የለም፣ እርሾው ትንሿ ማሰሮ ውስጥ አለ አይደል?»

እናቴ ከጓዳ «የቷ ትንሽ ማሰሮ?» አለች።

«ከመደቡ ላይ ያለችው።»

«የቅቤዋ?»

 እናቴ ወጥታ ከበሩ ቆመች። ሁለት እጇ በሊጥ ተነክሯል።

«ለቅበላ አጥቤያታለሁ እኮ» አለች። «ዕቃውን ሁሉ ሳጥብ። አንድ የጠቆረ ነገር ነበረባት፤ የተበላሸ አንጥር መስሎኝ... በፈላ ውሃ፣ በአመድ፣ በግራዋ ፈትጌ... ጾም ሲገባ ቅቤ የነካ ዕቃ እንዴት ብዬ እተዋለሁ?»

ትክክል ነበረች። የእኛ አገር ሴት ሁሉ በዚያ ሳምንት ያንኑ ታደርጋለች። እኔም ሕፃን ሆኜ ግራዋውን እየቆረጥኩ አቀብላት ነበር። ቅበላ መምጣቱን ረስቼው አይደለም፤ እርሾውን በየትኛው ዕቃ እንዳስቀመጥኩት ነው ያላሰብኩት። የሳይንስ ሰው ነኝ ብዬ የእናቴን ወግ ከስሌቴ አስወጣሁት። ይህን ስህተት ከሌላ አገር የመጣ ሰው ሊሠራው አይችልም፤ ማሰሮዋ የማን ናት ብሎ ይጠይቅ ነበራ።

 አባቴ ማሰሮዋን ከድንጋዩ ላይ፣ ከዱሮ ቦታዋ፣ ባዶዋን መለሷት። «እናትሽን እንዳትቆጪያት» አሉኝ። ያሉት ይህን ብቻ ነው። ጮኸው ቢሰድቡኝ ኖሮ እስከ ዛሬ ባልተከተለኝ ነበር ብዬ አስባለሁ።

ከዱቄቱ ጥቂት አመጣሁ። በለብታ ውሃ አራስኩት፣ ፀሐይ ላይ አስቀመጥኩት፣ በገብስ መገብኩት። ሞቷል። የገደልኩት እኔ ነኝ፤ የስንት ዲግሪ ሙቀት እንደሚገድለው ለተማሪዎቼ የማስተምር እኔ። ከፋሲካ በኋላ ስማዳ፣ ወገዳ ድረስ ሄጄ አንድ ሽማግሌ ጸሐፊ አፈላልጌ አገኘሁ። ምናልባት መምህራቸው ከአባቴ መምህር ተካፍለው እንደሆን ብዬ ነው። ሽማግሌው ከራስጌያቸው ሁለት የሱቅ ጠርሙስ አውጥተው አሳዩኝ። «ያንንማ ከተውነው ስንት ዘመኑ፣ ልጄ» አሉኝ። ከጠርሙሱ አንዱን ለአባቴ ይዤ ተመለስኩ። ሌላ የማመጣው አልነበረኝም።

ግንቦት ላይ ባሕር ዳር ሄድኩ። ልቅር ብዬ ነበር፤ «አሁን ቀርተሽ ለማን ይጠቅማል?» ያሉኝ አባቴ ናቸው። ሥራዬን ግድግዳ ላይ ለጠፍኩ። ሰው ተሰበሰበ፤ የሰማሁት ምስጋና ትዝ ሲለኝ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ይሞቃል። ከዳኞቹ አንዱ፣ ትሑት ሰው፣ ብልቃጡን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንሥቶ አየና «ግሩም ነው። ክረምት ላይ ሕያውን እንመረምረዋለን። ያልደረቀው አለሽ?» አለኝ።

«ቤት አለ» አልኩት።

አፌ ላይ የነበረችው እሷው ናት። ወጣች። የለም ብል ምርጫው ያልፈኛል ብዬ ፈርቼም ነው፤ ይህን መደበቅ አልፈልግም። ስሜ ተጠራ፣ ተጨበጨበልኝ። ክረምት ላይ ስለ ሕያው እርሾው ሲጠይቁኝ በመንገድ ፈሰሰብኝ አልኩ፤ አመኑኝ፣ አዘኑልኝም። የሌላ ነገር ጥናት ሰጡኝ፤ ዲግሪውም በዚያው መጣ።

እኔ ላቦራቶሪ ውስጥ ነጭ ካፖርት ለብሼ ስመላለስ አባቴ በሱቁ ጠርሙስ መጽሐፉን ጨረሱ። ቀንዱ ላይ የነበረው ጥሩ ቀለም የሐሙሱን ንባብ አድርሶ የዓርቡ መግቢያ ላይ እንዳለቀ ሰማሁ። በመስከረም ስመጣ እኔን በድምፄ ነበር የሚለዩኝ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ አረፉ።

ከዚያ ወዲህ ብቻዬን ላቦራቶሪ ውስጥ ስሆን፣ ማሽኖቹ ጠፍተው ጸጥ ሲል፣ መቃ ብራና ላይ ሲጭር እሰማለሁ። ፊደል ይጭራል፣ ይቆማል፣ ቀንዱ ውስጥ ይነከራል፣ እንደገና ይጭራል። መጀመሪያ አይጥ መስሎኝ ወጥመድ አስቀምጫለሁ። አሁን ሥራዬን አቁሜ አዳምጠውና ሲበቃው ይተወኛል። እናቴም የራሷ ነበራት። ከዚያ ሆሳዕና ጀምሮ እስክትሞት ድረስ አንድም ዕቃ ሳትጠይቅ አጥባ አታውቅም። ጭልፋ እንኳ ብታነሣ «ይህ ባዶ ነው?» ትላለች። ቤቱ ውስጥ ሰው ባይኖርም ትጠይቅ ነበር። አንድ ቀን ከውጭ ስገባ ባዶው ጓዳ ውስጥ ቆማ ስትጠይቅ ሰማኋትና ድምፄን አጥፍቼ ወደ ደጅ ተመለስኩ። «አዎ፣ ባዶ ነው» ብዬ ልመልስላት አልደፈርኩም።

በየዓመቱ ለስቅለት አገሬ እገባለሁ። በሴቶቹ በኩል እቆምና ከፍቶብኝም ቢሆን እሰማለሁ። ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕ፣ ሐሙስ ንባቡ ውሃ ሲፈስ ነው። ዓርብ ሲገባ አንባቢው ይንተባተባል። የሱቁ ቀለም፣ እንደነገሩኝ፣ መጀመሪያ የሻይ መልክ ያዘ፣ ከዚያ ሳሳ፣ ከዚያ ብራናው ላይ ጥላው ብቻ ቀረ። ሰው አንባቢው የሚያለቅስ ይመስለዋል። እኔ ግን አውቃለሁ፤ ፊደሉን እየፈለገ ነው። በዚያ ክፍተት ውስጥ ሕዝቡ ሲሰግድ እኔም ግንባሬን መሬት አስነካለሁ፤ ምን ብዬ እንደምለምን ግን አላውቅም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ስግደቱ አልቆ ሰው ሲበተን፣ የደብሩ አለቃ ጠሩኝ። አባቴ ይጽፉላቸው የነበሩ፣ አሁን ያረጁ ቄስ ናቸው። መጽሐፉን ታቅፈው ወደ ደጀ ሰላሙ ይዘውልኝ ወጡ።

«አይተሽው አታውቂም አይደል? የአባትሽ እጅ ነው፤ ተሳለሚው።»

የዓርቡን ቅጠሎች ገለጡልኝ። የሚያሳዝን ነበር፤ እዚህ አንድ መስመር፣ እዚያ አንድ ቃል። ከዚያ የመጨረሻውን ቅጠል ገለጡ። እንደ ትናንት ጥቁር ነበር። እንደ ሐሙሱ ይወዛ ነበር፤ ጎንበስ ስል ሽታውም የመጣብኝ መሰለኝ። ጸሐፊ መጽሐፉን ሲፈጽም ለጻፈው፣ ላጻፈው፣ ለሚያነበው ምሕረት ይለምናል። አባቴ ከሁሉ በላይ፣ ከራሳቸው ስም በፊት፣ የልጃቸውን የክርስትና ስም ጽፈው ማራት ብለዋል። የእኔን።

«ይህን ቅጠል የጻፉት ከመሐሉ ቀድመው ነው» አሉ አለቃው። «በዚያ ዓመት፣ በሆሳዕና ማግስት። በሕማማት ብዕር አይያዝም ብላቸው ‹ይቺን አይከልክሉኝ፣ ቀለሙ ሳያልቅ ነው› አሉኝ። በየዓመቱ መጽሐፉ ሲፈጸም ስምሽን እናነባለን እኮ። እሱ እንኳ ጥርት ብሎ ይታያል።»

ብራናው ላይ ጣቴን ለማድረግ ፈራሁ። ዓርብ ጠፍቶ የእኔ ስም ቀርቷል። የጌታ ጩኸት የማይነበብበት መጽሐፍ ላይ እኔ ጎልቼ እነበባለሁ። ቢጠፋ በወደድኩ፤ ዓርብ ተመልሶ ስሜ ቢጠፋ።

አለቃው መነጽራቸውን አወለቁ።

«ዓርብን ሳልሞት ላስደግመው አስቤ ነበር፤ ወጣት ጸሐፊ አግኝቻለሁ። የጠራሁሽም ለዚህ ነው። ከዚህ ቀለም የተረፈ፣ እርሾውም ቢሆን፣ እናንተ ቤት አለ?»

ቃሉ እስከ ጥርሴ ድረስ መጣ። ያን ያህል ዓመት ኖሮበት ነበርና መንገዱን ያውቀዋል።

«የለም፣ አባቴ» አልኳቸው። «እኔ ነኝ የጨረስኩት።»

ነገርኳቸው። የቅቤዋን ማሰሮ፣ ማድረቂያውን፣ ብልቃጡን፣ ባሕር ዳር ያልኩትን፣ ሁሉንም። እስክጨርስ መጽሐፉን እንደታቀፉ ቆሙ። ከዚያ በዝግታ ዘጉት፣ በማኅደሩ ከተቱት።

«እንግዲህ መንፈቅ ለሚፈጅ ቀለም ዕድሜም የለኝ፤ የዓርቡን ከከንፈሬ ሳይጠፋ ለልጆቹ በቃል ላስጠናው» አሉና ወደ ዕቃ ቤቱ ገቡ።